ተዋጊው በሬና የሱሉልታዋ ላም



ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ ወተት ነው። ጴጥሮስ በመልእክቱ ስለሚናገርለት መንፈሳዊ ወተት ሳይሆን ጠዋት ጠዋት ልጆቻችን ስለሚጠጡት የላም ወተት ነው። ርዕሱ እንግዳ ሊመስላችሁ ይችላል። እስከ መጨረሻው ከታገሳችሁኝ ግን ጉዳዩ ከእምነታችን ጋር የት ላይ እንደሚገናኝ አብረን እናያለን።

ባለፈው ወር ሱሉልታ በሚኖር አንድ ወንድም ቤት ለጸሎት ተሰብስበን ነበር። ይህ ወንድም አራት የፈረንጅ ላሞች አሉት። የልጆቹን የትምህርት ቤት ክፍያ የሚከፍለው፣ ቤቱን የሚያስተዳድረው፣ አሥራቱንም የሚያወጣው ከእነርሱ ነው። ጸሎቱ አልቆ ሻይ እየጠጣን ሳለ እንዲህ አለን፦

«የእንስሳት ሐኪሙ ላሞቼን ለሳንባ ነቀርሳ እንድናስመረምራቸው ይወተውተኛል። አንደኛዋ ከስታለች፤ አልፎ አልፎም ታስላለች። እኔ ግን ፈራሁ። ካልተመረመረች ላሜ ናት፤ ጠዋትና ማታ አልባታለሁ። ተመርምራ ከተገኘባት ግን ምኔ ናት? ባላውቅ አይሻለኝም ወይ? እስቲ ቃሉን የምታውቁ ንገሩኝ።»

ሁላችንም ዝም አልን። ከመካከላችን አንድ ሽማግሌ «ጌታ ያውቃል፤ እንጸልይ» አሉ። ጸለይንና ተለያየን። እንጦጦን አልፌ ወደ ቡራዩ ወደ ቤቴ ስመለስ ግን ጥያቄው አብሮኝ መጣ። እኔም እኮ ለልጄ ወተት የምገዛው ከጎረቤት ነው። ያ ወንድም ላለማወቅ ሲመርጥ፣ የመረጠው ለራሱ ብቻ አልነበረም። ይህ ጽሑፍ ያን ዕለት ያልሰጠሁት መልስ ነው።

ተመርምሮ የታወቀው

በመጀመሪያ ነገሩን እንዳለ እንየው። የከብት ሳንባ ነቀርሳን የሚያመጣው ተህዋስ የሰውን ሳንባ ነቀርሳ ከሚያመጣው ጋር የቅርብ ዘመድ ነው። ከብቶች በአንድ በረት ተጨናንቀው ሲያድሩ በትንፋሽ ይተላለፍባቸዋል። በሽታው ቀስ ብሎ የሚሄድ ስለሆነ የተያዘች ላም ጤነኛ መስላ ለዓመታት ልትታለብ ትችላለች። ወደ ሰው የሚያልፈው በተለይ ባልፈላ ወተት ነው፤ ከከብቶቹ ጋር ተጠግቶ የሚውልና የሚያድር ሰውም በትንፋሽ ሊያዝ ይችላል። በወተት የገባ ጊዜ ብዙውን ጊዜ የአንገት ዕጢንና የሆድ ዕቃን ያጠቃል።

እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ አንድ ሰፊ ጥናት በአዲስ አበባና ሰበታንና ሱሉልታን ጨምሮ በዙሪያዋ ባሉ ከተሞች የሚገኙ የወተት እርባታዎችን መርምሮ ነበር። ከ88 እርባታዎች 2,956 ከብቶች ተመረመሩ። ከእነዚህ ከብቶች 30 በመቶ ያህሉ በሽታው ተገኘባቸው። ከእርባታዎቹ ደግሞ ከግማሽ በሚበልጡት ውስጥ ቢያንስ አንድ የተያዘች ላም ነበረች። ጥናቱ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል፤ የዛሬውን ቁጥር አይነግረንም። በየገጠሩ ሜዳ ላይ ስለሚውሉት የሀበሻ ላሞችም አይናገርም፤ በእነርሱ ዘንድ በሽታው በጣም ያነሰ እንደሆነ ሌሎች ጥናቶች አሳይተዋል። ስለ እኛ ሰፈር በረቶች ግን ዝም ብለን እንዳናልፍ የሚያደርግ ነገር ነግሮናል።

በሰው በኩል ያለውንም እውነት እንናገር፤ ወገንን ማስፈራራት አገልግሎት አይደለምና። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ሌላ ጥናት ከኢትዮጵያውያን ሕሙማን የተወሰዱ ናሙናዎችን ሲመረምር፣ ከከብት የመጣው ዓይነት የተገኘው በጥቂቶቹ ላይ ብቻ ነበር። በአገራችን አብዛኛው ሳንባ ነቀርሳ ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፈው ነው። ይሁን እንጂ ከከብት የሚመጣው ዓይነት አንድ ክፉ ጠባይ አለው፦ ለሳንባ ነቀርሳ በመጀመሪያ ከሚሰጡት አራት መድኃኒቶች አንዱ የሆነው ፒራዚናሚድ ከተፈጥሮው አይበግረውም። ያ ጥቂት የተባለው ሰው የአንዲት እናት ልጅ መሆኑንም አንርሳ። መቶ በጎች ያሉት እረኛ ስለ አንዲቱ ሲል ዘጠና ዘጠኙን ትቶ እንደሄደ ያስተማረን ጌታችን ነው።

ምርመራውስ እንዴት ነው? ሐኪሙ የላሚቱን አንገት በሁለት ቦታ ይላጫል። የቆዳውን ውፍረት በመለኪያ ይለካና በአንዱ ቦታ ከወፍ፣ በሌላው ከከብት ነቀርሳ ተህዋስ የተዘጋጀ ንጥረ ነገር በጥቂቱ ይወጋል። ከ72 ሰዓት በኋላ ተመልሶ ሁለቱንም ይለካል። በከብቱ በኩል ያለው እብጠት ከወፉ በኩል ካለው ከ4 ሚሊ ሜትር በላይ በልጦ ከተገኘ ላሚቱ ተይዛለች ይባላል። ሁለት ቦታ የሚወጋው ያለ ምክንያት አይደለም፤ በአካባቢው ያሉ ሌሎች የዚሁ ቤተሰብ ተህዋሶች ጤነኛዋን ላም በሐሰት እንዳያስከስሷት ነው።

ይህን ሳነብ ሌዋውያን 13 ትዝ አለኝ። በዚያ ካህኑ በቆዳ ላይ የወጣውን ምልክት አይቶ ወዲያው አይፈርድም። ሰውየውን ሰባት ቀን ለይቶ ያቆየዋል፤ ተመልሶም ያየዋል። እግዚአብሔር ሕዝቡን በጥንቃቄ መመርመርን፣ መጠበቅንና መለየትን ያስተማረው ጥንት ነው። ዛሬ ሰበታ በሚገኘው የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ናሙና የሚመረምሩ ባለሙያዎች፣ አዲስ አበባ አለርት ግቢ ባለው በአርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም ከሥጋ ደዌ ጀምሮ በሳንባ ነቀርሳ ላይ ከ1970 እ.ኤ.አ. ወዲህ የሚደክሙ ተመራማሪዎች፣ አወቁትም አላወቁትም የዚያን ካህን ሥራ እየሠሩ ነው።

ሥራቸውም ፍሬ አለው። አያቶቻችን ክፉ ቀን ብለው የሚያስታውሱት የእ.ኤ.አ. 1880ዎቹ ማብቂያ ረሃብ የጀመረው ከብቱን ሁሉ በፈጀ በሽታ ነበር። ገበሬው የሚያርስበት በሬ አጣ፤ ሕዝቡም አለቀ። ያ በሽታ ደስታ የሚባለው ነው። ከመቶ ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ፣ በክትባትና መንደር ለመንደር ዞሮ ናሙና በመውሰድ ብዛት፣ እ.ኤ.አ. በ2011 ደስታ ከምድር ገጽ መጥፋቱ ታወጀ። ያን ቀን በየቤተ ክርስቲያናችን ደወል አልተደወለም፤ የምስጋና ፕሮግራምም አልተያዘም። ለአያቶቻችን እንባ የተሰጠ መልስ ነበር ብዬ ግን አምናለሁ።

በመካከላችን የሚሰሙ መልሶች

ይህን ጉዳይ ለወገኖች ሳነሣ ሦስት ዓይነት መልስ እሰማለሁ።

የመጀመሪያው «አባቶቻችን ጥሬ ወተት ጠጥተው ዕድሜ ጠግበው ሞተዋል» የሚል ነው። አዎን፣ ዕድሜ የጠገቡትን እናስታውሳለን። በአንገታቸው ላይ ዕጢ ወጥቶባቸው በልጅነታቸው የተቀበሩትን ግን የሚያስታውስ የለም። ደግሞም የአባቶቻችን ላም ሜዳ ላይ የምትውል የሀበሻ ላም ነበረች፤ በፋጉሎና በፉርሽካ ተቀልባ በጠባብ በረት የምትውል የፈረንጅ ላም አልነበረችም።

ሁለተኛው «እኛ በጸሎት ባርከን ነው የምንጠጣው» የሚል ነው። መባረክስ መልካም ነው፤ ጳውሎስም ምግብን በምስጋና ስለ መቀበል ለጢሞቴዎስ ጽፎለታል (1ኛ ጢሞ. 4፥4-5)። እሳቱን ስለ መተው ግን አልጻፈለትም። ጌታችን ራሱ ከቤተ መቅደስ ጫፍ እንዲዘል በተጠየቀ ጊዜ እምቢ ብሏል (ማቴ. 4፥5-7)። ወተቱን አፍልተን እንባርከው፤ ሁለቱ አይጣሉም። ተህዋሱን ለመግደል ፋብሪካዎች ወተቱን በ72 ዲግሪ ለ15 ሴኮንድ ያሞቁታል። ሱሉልታ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውኃ የሚፈላው በ91 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ያም ቢሆን ከበቂ በላይ ነው። ስለዚህ ወተቱ እስኪገነፍል ድረስ ያፈላች እናት በቤቷ የፋብሪካውን ሥራ ሠርታለች። እርጎውም ሆነ አይቡ ከጥሬ ወተት ከተሠራ መምረሩና መኮምጠጡ ተህዋሱን ለመግደል አያስተማምንም።

ሦስተኛው የዚያ ወንድም መልስ ነው፦ «ባላውቅ ይሻላል።» ከሦስቱ ሐቀኛው ይህ ነው፤ ከባዱም እርሱ ነው። ስለዚህ ጥቂት እንቆይበት።

ቃሉ ስለሚያውቅ ባለቤት ምን ይላል?

በዘጸአት 21 ከቁጥር 28 ጀምሮ ስለ በሬ የተሰጠ ሕግ አለ። አንድ በሬ ሰው ወግቶ ቢገድል በሬው ይወገራል፤ ባለቤቱ ግን ነፃ ነው። ያ በሬ አስቀድሞ ተዋጊ እንደሆነ የታወቀ፣ ይህም ለባለቤቱ የተነገረው፣ እርሱም ሳይጠብቀው የቀረ እንደሆነ ግን ፍርዱ ይለወጣል፤ ባለቤቱ በደሙ ይጠየቃል። በሬው ያው በሬ ነው፤ ቀንዱም ያው ቀንድ ነው። ፍርዱን የለወጠው ባለቤቱ ማወቁና ከማወቁ በኋላ ያደረገው ነው።

እንግዲህ ያ ወንድም «ባላውቅ አይሻለኝም ወይ?» ሲል ሕጉን በሚገባ ተረድቶታል ማለት ነው። ካወቀ እንደሚጠየቅ ገብቶታል። ነገር ግን አንድ ነገር ዘንግቷል። ሕጉ ነፃ የሚያወጣው ያልተነገረውን ሰው ነው። እርሱ ግን ተነግሮታል። ላሚቱ ከስታለች፤ ታስላለች፤ ሐኪሙ ደጋግሞ መጥቷል። ጆሮውን የደፈነ ሰው አልሰማሁም ሊል አይችልም። ይህን የምለው በእርሱ ልፈርድ አይደለም። እኔም የወተቱን ምንጭ ሳልጠይቅ ለልጄ ስገዛ የኖርሁ ነኝ፤ ጆሮዬን የደፈንሁት እኔም ነኝ።

ከዚህም የሚከፋ ነገር አለ፤ በየገበያውም እየሆነ ነው። ላሙ እንደታመመች የጠረጠረ ሰው በጸጥታ ወደ ገበያ ይወስዳታል። ደላላው «ወተቷ ጥሩ ነው» ይላል፤ እርሱም ዝም ይላል። የሰበታው አርቢ ይገዛና ከጤነኞቹ ላሞቹ ጋር ያስገባታል። ከጥቂት ዓመት በኋላ በረቱ በሙሉ ይያዛል። ሻጩ በዚያው እሑድ መዝሙር ዘምሯል፤ ምናልባትም ከላሟ ዋጋ አሥራት አውጥቷል። ወገኖች፣ ይህ አሥራት ወደ ማን ዘንድ ይደርሳል? ጎረቤትህን እንደ ራስህ ውደድ የሚለው ትእዛዝ በገበያ ቀን አይታጠፍም።

እሑድ እሑድ በጉባኤ ቆመን እንደ ዳዊት «ልቤን መርምር» ብለን እንለምናለን (መዝ. 139፥23)። ልባችን እንዲመረመር የምንሻ ሰዎች ሰኞ ላማችንን ለማስመርመር የምንፈራው ለምንድን ነው?

ኪሳራው የማን ነው?

አሁን ወደ አስቸጋሪው ቦታ ደረስን። «ወንድሜ፣ እውነትን ምረጥ» ብሎ ጽፎ መዝጋት ለእኔ ቀላል ነው፤ እኔ ላም የለኝም። ላሚቱ ከተገኘባት የሚያጣት እርሱ ነው። በእንግሊዝ አገር ከብቱ በዚህ በሽታ ምክንያት ሲታረድ መንግሥት ለባለቤቱ ካሳ ይከፍላል። እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ አገር አቀፍ አሠራር አልተዘረጋም። ስለዚህ ምርመራው ለእርሱ የትምህርት ቤት ክፍያ ነው፤ የቀለብ ብር ነው። አለማወቅን የመረጠው ልቡ ስለ ደነደነ ሳይሆን ብቻውን ስለሆነ ነው።

ያንኑ ምዕራፍ ጥቂት ወረድ ብላችሁ ቁጥር 35ን አንብቡት። የአንድ ሰው በሬ የባልንጀራውን በሬ ቢገድልና በሬው ተዋጊ መሆኑ አስቀድሞ ባይታወቅ፣ በሕይወት ያለውን በሬ ይሸጡና ዋጋውን እኩል ይካፈሉ፤ የሞተውንም እንዲሁ ይካፈሉ ይላል። ማንም አስቀድሞ ያላወቀው ጥፋት ሲደርስ ኪሳራው በአንድ ሰው ጫንቃ ላይ ብቻ እንዳይወድቅ እግዚአብሔር አዘዘ። ያው ምዕራፍ የሚያውቀውን ባለቤት ይጠይቃል፤ የተጎዳውንም ብቻውን አይተወውም። እኛ የመጀመሪያውን ሰብከን ሁለተኛውን ከዘለልን ግማሽ ቃል ሰብከናል።

ጳውሎስ አንዱ የሌላውን ሸክም እንዲሸከም ለገላትያ ሰዎች ሲጽፍ (ገላ. 6፥2) ሸክሙ አንዳንዴ አራት እግርና ሁለት ቀንድ ሊኖረው እንደሚችል አስበን እናውቃለን? ለቅሶ ሲሆን በእድር እንረዳዳለን፤ ሠርግ ሲሆን እንጠራራለን። ወንድማችን ለእኛ ልጆች ጤና ሲል ላሙን ሲያጣስ የት ነን?

ስለዚህ ለሰበታ፣ ለቡራዩና ለሱሉልታ አጥቢያዎች ያለኝን ሐሳብ በግልጽ ላስቀምጥ።

አርቢ የሆኑ ምእመናን ያሉባት ቤተ ክርስቲያን ጥቂት በጥቂት የሚዋጣበት መረዳጃ ታቋቁም፤ ላሙን አስመርምሮ ለተገኘበት ሰው ለሌላ ጊደር መነሻ የሚሆን ነገር ይኑረው። አርቢውም የተያዘችውን ላም ከሌሎቹ ይለይ። ለሌላ አርቢ አይሽጣት፤ በቄራ በሥጋ መርማሪ ፊት ትታረድ፤ የተበከለው ይወገዳል። የሚቀሩትን ላሞች በየጊዜው ያስመርምር። በአገራችን በወተት እርባታ ላይ የተደረገ ጥናት መመርመርና መለየት ብቻ እንኳ አዲስ የሚያዙትን በእጅጉ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ምሳሌ 12፥10 ጻድቅ ሰው ለእንስሳው ነፍስ እንደሚራራ ይናገራል፤ ጤነኛዋን ከታመመችው መለየትም ርኅራኄ ነው።

በበረቱ ጥግ የሚያድረውን ተቀጣሪ ልጅም እንመልከተው። ከሁሉ በፊት የሚጋለጠው እርሱ ነው፤ ብዙ ጊዜም ከሩቅ ገጠር የመጣ፣ ወገን የሌለው ነው። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ካሳለ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። የሳንባ ነቀርሳ ሕክምና በመንግሥት ጤና ተቋማት በነፃ ይሰጣል፤ ይድናልም።

እኛ ወተት ገዢዎች ደግሞ እናፍላ። ላሞቹን ያስመረመረውን አርቢ ፈልገን ከእርሱ እንግዛ። ሁለት ብር ቢያስጨምረንም አንከራከረው። «ተገኘባት» ብሎ እውነቱን የነገረንን ሰው ደግሞ በሐሜት አናሳድደው፤ ካሳደድነው ከእንግዲህ ማንም እውነቱን አይነግረንም።

ጌታን ገና በመፈለግ ላይ ላላችሁ አንባቢዎችም አንድ ቃል አለኝ። ክርስቲያኖች ስለ ላም ይህን ያህል የሚጨነቁት ለምንድን ነው ትሉ ይሆናል። የምናምነው ጌታ የእኛን በሽታ መርምሮ ያወቀ፣ ካወቀ በኋላም ያልሸሸ ስለሆነ ነው። ኪሳራውን በእኛ ላይ አልተወውም፤ ባለጠጋ ሲሆን ስለ እኛ ድሃ ሆነ (2ኛ ቆሮ. 8፥9)። በእርሱ የታመነ ሰው እውነትን ማወቅ አያስፈራውም፤ ከእውነቱ በኋላ ብቻውን እንደማይቆም ያውቃልና።

ይህን ቃል ባለፈው እሑድ ለጸሎት ስንሰበሰብ አካፈልሁ። ሳበቃ መጀመሪያ የተናገሩት እነዚያው «ጌታ ያውቃል» ያሉን ሽማግሌ ነበሩ። «እኛም እንወቅ እንግዲህ» አሉና ከኪሳቸው አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። ዘጠኝ ቤተሰብ ነን፤ ሁላችንም የአቅማችንን አዋጣን። የተሰበሰበው ላም አይገዛም። ወንድማችን ግን ዝም ብሎ ሲያየው ቆየና «ሰኞ ሐኪሙን እጠራዋለሁ» አለ።

ሰኞ ሐኪሙ መጥቶ አራቱንም ላሞች ወግቷቸዋል። ይህን የምጽፍላችሁ ረቡዕ ማታ ነው። ውጤቱ ነገ ሐሙስ ይለካል።

ወገኖች፣ በጸሎታችሁ አስቡን። ላሞቹ ንጹሕ ሆነው እንዲገኙ ለምኑልን። ካልሆኑም ዘጠኛችንም ከነገ ወዲያ በዚያ በረት ደጃፍ እንድንገኝ ለምኑልን።

ጌታ ይባርካችሁ። አሜን።